እሁድ ጠዋት ጠልቆ እሁድ ማታ ቦሌ? ኧረ ተዉ!

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ጠዋት ቡናው እስኪፈላ የማነብ ሰው ነኝ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ከስፖርት ገጹ አላልፍም። በቀደም ግን የጉዞ ገጻችሁ ላይ «ጅቡቲ» የሚል ቃል ሳይ ቆምኩ። እዚያ አገር ስድስት ዓመት ትራንዚተር ሆኜ ሠርቻለሁ። ሙቀቱም፣ ወደቡም፣ ዓሣውም እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

ጽሑፉ ደስ ይላል። ጸሐፊው ሄዶ እንዳየው ያስታውቃል። መጨረሻ ላይ የተቀመጠው የጉዞ ፕሮግራም ግን አስደነገጠኝ። አርብ ማታ በረራ። ቅዳሜ ሙሻ ደሴት አካባቢ «በኦክስጅን ጠልቆ መዋኘት» ሁለት ጊዜ። እሁድ ጠዋት ለስንብት አንድ ጊዜ ደግሞ። ከዚያ በቀጥታ ኤርፖርት፣ ማታ ቤት፣ ሰኞ ሥራ። ሰኞ ሥራ መግባት መቻሉ ደግሞ እንደ ትልቅ ጥቅም ተጽፏል።

እኔ ይቺን ፕሮግራም ከሞላ ጎደል እንዳለች አድርጌያታለሁ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ነገሩ የሆነው የጅቡቲ ሥራዬን ጨርሼ ጓዜን ስጠቀልል ነው። መጥለቅ የተማርኩት እዚያው ስለሆነ ባሕሩን ልሰናበተው አልኩና በሁለት ቀን አራት ጊዜ ጠለቅኩ። የመጨረሻው እሁድ ረፋድ ላይ ነበር፣ 22 ሜትር ገደማ። ስወጣ ምንም አልሆንኩም። ሻወር ወስጄ፣ ሻንጣዬን ዘግቼ፣ ማታ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ። በረራው እንደምታውቁት አጭር ነው፤ ሳንድዊቹን በልተህ ሳትጨርስ ውረድ ትባላለህ።

ቦሌ ስደርስ ደክሞኛል፤ ግን ከጉዞ የመጣ ሰው የማይደክመው መቼ ነው? እቤት እራት እየበላሁ ቀኝ ትከሻዬን ያመኝ ጀመር። አጥንቱ መሀል የተቀመጠ የሚመስል፣ ቢያሹት የማይደረስበት ሕመም። ሆዴ አካባቢም ያሳክከኛል። እማዬ አየችኝና ወዲያው ፈረደች፤ «ብርድ ነው! ከዚያ እሳት አገር ወጥተህ በካኒቴራ ትመጣለህ?» ትከሻዬን በቅባት አሸችኝ። ሌሊቱን ሙሉ ተገላብጬ አደርኩ።

ጠዋት ወጌሻ ጋ ወሰዱኝ። ወጌሻው ሽማግሌ ናቸው፣ ነካ ነካ አደረጉና «ይሄ ውልቃትም ወለምታም አይደለም፣ የኔ ሥራ አይደለም፣ ሐኪም ጋ ሂድ» አሉኝ። ከሁሉም ቀድመው እውነቱን የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ከዚያ ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ ገባሁ። «ከባድ ዕቃ አንስተሃል?» ተባልኩ። አዎ፣ ሻንጣ። የሕመም ማስታገሻ መርፌ ወጉኝና ሸኙኝ። በነሱም አልፈርድም። ትናንት ባሕር ውስጥ 22 ሜትር ወርጄ ነበር ብዬ አልነገርኳቸውም። ከትከሻዬ ጋር ምን ያገናኘዋል ብዬ።

ማታ ለሞኒተሩ ደወልኩ። ሞኒተር እዚያ በፈረንሳይኛው የመጥለቅ አስተማሪ ማለት ነው። የደወልኩት ፎቶ እንዲልክልኝ ነበር፣ ትከሻዬን እንደ ቀልድ ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ፣ «ከተማችሁ ከባሕር ስንት ሜትር ከፍ ይላል?» አለኝ።

«2,300 ምናምን» አልኩት።

በፈረንሳይኛ የመለሰልኝን እዚህ አልጽፈውም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የያዘኝ የጠላቂዎች በሽታ ነው፣ በእንግሊዝኛው ዲኮምፕረሽን ሲክነስ የሚሉት፤ ግፊት ሲቀንስ ሰውነት ውስጥ አረፋ የሚፈጥረው። ከአንድ እርማት ልጀምር። ጠላቂ ጀርባው ላይ የሚሸከመው ሲሊንደር ውስጥ ያለው ኦክስጅን አይደለም። እናንተም እኔም አሁን የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው፣ ታምቆ የገባ። እንዲያውም ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በታች ሲተነፍሱት ሰውን አንዘፍዝፎ ሊጥል ይችላል። ጋዜጠኞች ሁሉ «በኦክስጅን ጠለቀ» ስለሚሉ እናንተን ብቻ አልወቅስም። ግን የበሽታው ምንጭ ያለው እዚችው ስህተት ውስጥ ነው፤ አየርን አምስት ቦታ ብትከፍሉት አራቱ እጅ ናይትሮጅን ነው።

ናይትሮጅን ለሰውነታችን አይጠቅምም፣ አይጎዳምም። ገብቶ ይወጣል። ውሃ ውስጥ ስንወርድ ግን ነገር ይለወጣል። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ፣ ከላያችን ያለውን የሰማዩን አየር በሙሉ የሚያክል ግፊት ይጨመራል። 20 ሜትር ላይ ግፊቱ የባሕር ዳርቻው ሦስት እጥፍ ነው። የምንተነፍሰው አየር በዚያው ግፊት ስለሚገባ ናይትሮጅኑ ደም ውስጥ ይሟሟል፣ ከደም ወደ ስብ፣ ወደ ጡንቻ፣ ወደ መገጣጠሚያ፣ ወደ ህብለ ሰረሰር ይሰርጋል። በጠለቅንና በቆየን ቁጥር ይከማቻል። ሲገባ ደግሞ ምንም አይሰማንም። አታላይነቱ እዚህ ላይ ነው።

የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አስቡ። ክዳኑ እንደተዘጋ ውሃው ዝም ያለ ነው፣ አንድ አረፋ አይታይበትም። ጋዙ ግን አለ፣ በግፊት ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ተቀምጧል። ክዳኑን ላላ እያደረጉ በቀስታ ከከፈቱት ቲስ እያለ ይወጣል። ድንገት በጥሰው ከከፈቱት ተንተክትኮ ጠረጴዛውን ያጥበዋል። ከባሕር የሚወጣ ጠላቂ ያ ጠርሙስ ነው። ቀስ ብሎ ከወጣ ናይትሮጅኑ በደም ወደ ሳንባ ሄዶ በትንፋሽ ይወጣል። ከፈጠነ ደሙና ሥጋው ውስጥ አረፋ ይሆናል። አረፋው የደም ሥር ይዘጋል፣ ነርቭ ይጫናል፣ አካባቢውን ያስቆጣል። መገጣጠሚያ ላይ ሲሆን እንደኔ ትከሻ ነው። ህብለ ሰረሰር ላይ ሲሆን እግር ይከዳል፣ ሽንት ይዘጋል።

ለዚህ ነው በደቂቃ ከ9 ወይም ከ10 ሜትር በላይ ፈጥነህ አትውጣ፣ 5 ሜትር ላይ ስትደርስ 3 ደቂቃ ቆይ የሚባለው። ጅቡቲ ይሄን መቆሚያ ፓሊዬ ይሉታል። ሲማሩት አሰልቺ ነው። ገመዱን ይዞ ተንጠልጥሎ ዓሣ እየቆጠሩ መቆየት።

ደረጃ በደረጃ የመውጣቱን ነገር ያመጣው ሃልዴን የሚባል እንግሊዝ አገር የሚሠራ ሳይንቲስት ነው፣ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1908 አሳተመው። የተሞከረው በማን ላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በፍየል። ግፊት ያለበት ክፍል ውስጥ ያስገቧቸዋል፣ ከዚያ በተለያየ ፍጥነት ግፊቱን ይቀንሱታል። ፍየሏን ሲያማት የፊት እግሯን አንጠልጥላ ትቆማለች። የኛ አገር ሰው ፍየል ስንት ነገር አደረገች ሲባል ቡናን ነው የሚያነሳው፤ የጠላቂን ሕይወት ማትረፏንም ይጨምርላት።

ከፍየሎቹ በፊት ደግሞ ሰዎች ነበሩ። ኒው ዮርክ ብሩክሊን ድልድይ ሲሠራ መሠረቱን የሚቆፍሩት ሠራተኞች ወንዙ ሥር በተቀበረ፣ አየር በታመቀበት ትልቅ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነበር የሚውሉት። ማታ ሲወጡ እየተቆራመዱ ይወድቃሉ። ዋና መሐንዲሱ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1872 በዚሁ በሽታ ወደቀ። ድልድዩ 1883 እስኪመረቅ ሥራውን ከቤቱ መስኮት ነበር የሚያየው፤ ትእዛዙን ወደ ሠራተኞቹ የምታደርሰው ሚስቱ ኤሚሊ ነበረች። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች አልዋኙም። በሽታው የውሃ ሳይሆን የግፊት ነው። ይሄን ያዙልኝ፣ ለቦሌ ይጠቅመናል።

አንድ ነገር በፍጥነት ጨምሬ ልለፍ። ሌላ ዘመዱ የሆነ አደጋ አለ። ሲሊንደር ይዞ የጠለቀ ሰው ትንፋሹን ይዞ መውጣት የለበትም። 10 ሜትር ላይ ሳንባን የሞላ አየር ላይ ሲደርስ እጥፍ ልሁን ይላል። ሳንባ ደግሞ እጥፍ አይሆንም፣ ይቀደዳል፤ አየሩ በደም ሥር ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ሰውየው እንደወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ከአንድ ሜትር ትንሽ ከሚበልጥ ጥልቀት እንኳ ሊደርስ ስለሚችል «ገና ስዊሚንግ ፑል ውስጥ ነኝ» ማለት አያድንም። ሐኪሞች ይሄንና የናይትሮጅኑን አረፋ አንድ ላይ አድርገው ነው የሚጠሩት፣ የመጀመሪያ እርዳታቸውም አንድ ነው።

እንግዲህ ቦሌ።

ጠላቂዎች ሁሉ የሚያውቁት ሕግ አለ፤ ከጠለቅክ በኋላ ቶሎ አትብረር። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ፣ በአጭሩ ዳን የሚባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም ለተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት፣ አስገዳጅ ፓሊዬ ያለበት መጥለቅ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ ቆዩ ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር የባሕር ዳርቻ አየር አይደለም። እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለ ተራራ ላይ እንደመቀመጥ ነው። ገና ያልወጣው ናይትሮጅን ሁለተኛ ክዳን ይከፈትለታል።

ይሄ ሕግ ሲነገር ግን ሁልጊዜ ስለ በረራ ነው የሚወራው። የፓሪስ ሰው ወይም የዱባይ ሰው አውሮፕላኑ ሲያርፍ ግፊቱ ይመለስለታል። ክዳኑ ተመልሶ ይገጠማል። እኛስ? የቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ያ የአውሮፕላኑ ተራራ እኛ ቤታችንን የሠራንበት ተራራ ነው! ካረፍንም በኋላ እዚያው ነን። የአዲስ አበባ አየር ግፊት የጅቡቲው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ጠርሙሱ ተከፈተ፣ እንደተከፈተም አደረ። እኔ ደግሞ ማግስቱን ወንድሜ አየር ተቀበል ብሎ እንጦጦ ሊወስደኝ ነበር፣ 3,000 ሜትርን የሚያልፈው እንጦጦ፤ ትከሻዬ አስቀረኝ እንጂ።

ነገሩን በሌላ ልንገራችሁ። ግብጽ፣ ቀይ ባሕር ላይ ዳሃብ የምትባል ጠላቂዎች የሚጎርፉባት ከተማ አለች። ከዚያ ሆነው ሌሊት የሲና ተራራን ወጥተው ፀሐይ ስትወጣ ማየት የሚፈልጉ ብዙ ናቸው። ጠልቀህ በዚያው ቀን ሲና እንዳትወጣ ተብለው ይመከራሉ፣ ከፍታው ለበሽታው ይዳርጋል ተብሎ። ሙሴ ጽላቱን የተቀበለበት የሲና ተራራ ጫፍ 2,285 ሜትር ነው። የቦሌ አስፋልት ይበልጠዋል። ፈረንጁ በጠለቀበት ቀን አትውጣ የተባለበት ጫፍ ላይ ሳይሆን ከሱም በላይ ነው እኛ ሻንጣችንን የምንፈታው።

«እኔ በባቡር ነው የምመለሰው» የሚልም ይኖራል። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ ብዬ ተከራክሬአለሁ። አረፋው ግን በምን እንደወጣህ አይጠይቅም። ከጅቡቲ የሚነሳው ባቡር ከባሕር ዳርቻ ጀምሮ ይወጣል፣ ድሬዳዋ ሲደርስ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ አዳማን አልፎ አዲስ አበባ ሲገባ ያው እኛ ጋ ነው። በመኪናም እንደዚያው። የዳን ምክር የሚሠራው ከ600 ሜትር ጀምሮ ላለ ከፍታ ነው፣ ስለዚህ ድሬዳዋ አክስቴ ቤት አድራለሁ ማለትም መፍትሔ አይደለም። እስራኤል ውስጥ ባሕር ዳር ካለችው ኤላት ጠልቀው በመኪና ወደ ኢየሩሳሌም የሚመለሱ ወገኖቻችንም ወደ 800 ሜትር ገደማ እየወጡ መሆኑን አይርሱ። ባቡርና መኪና ከአውሮፕላን የሚሻሉት ቀስ ስለሚሉ ነው፣ ያቺን ሰዓት ያተርፋሉ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያድኑም።

የራሴ ሕግ ምንድነው? ከመጨረሻው መጥለቅ በኋላ ሙሉ 24 ሰዓት ባሕር ዳር። 18ቱን ሰዓት ያወጡት ሰዎች ያሰቡት በርሮ የሚያርፈውን ነው፣ በርሮ እዚያው ከፍታ ላይ የሚኖረውን አይደለም፤ እኔ ስለዚህ ለአዲስ አበባ ሰው እጨምራለሁ።

ወደ ትከሻዬ ልመለስ። ሞኒተሩ «አሁኑኑ ኦክስጅን» አለኝ። «አትታሽ፣ ስፖርት አትሥራ፣ አልኮል አትንካ፣ ውሃ ጠጣ፣ ሆስፒታል ሄደህ ጠልቄ ነበር በል።» ሄድኩ። ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ናት። ይሄ በሽታ ገጥሟት እንደማያውቅ በግልጽ ነገረችኝ። ግን አዳመጠችኝ። ስልኳን አውጥታ አነበበች፣ የዳንን የ24 ሰዓት የድንገተኛ መስመር ደውለን ከሌላው ጫፍ ካለው ሐኪም ጋር ተነጋገረች። ከዚያ አጋድማ ከረጢት ያለውን ማስክ አጠለቀችልኝ፣ መቶ በመቶ ኦክስጅን። በየሰዓቱ እየመጣች አስነስታ በአንድ መስመር ላይ እግሬን ከእግሬ እያስከተልኩ እንድሄድ ታደርገኛለች፣ እግሬን በጥጥና በመርፌ ትነካለች፣ ሽንቴን እንደሸናሁ ትጠይቀኛለች። ሽንቱ ምን ያደርግላታል ብዬ ነበር። ህብለ ሰረሰር ሲነካ አንዱ ምልክት እሱ መሆኑን ኋላ ነው ያወቅኩት።

ኦክስጅን ለምን? ሳንባ ውስጥ ናይትሮጅን የሌለበት አየር ሲገባ፣ በደም ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ለመውጣት መንገዱ ሰፊ ይሆንለታል። አረፋው እየተራበ ይቀንሳል። ደም ያጣው ቦታም ኦክስጅን ያገኛል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ትከሻዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ላላ አለልኝ። የኔ ቀላሉ ዓይነት ነበር፣ መገጣጠሚያና ቆዳ ብቻ። ስለዚህ በኦክስጅንና በክትትል አለፈ። ዛሬም ክረምት ሲገባ ያቺ ትከሻ ታስታውሰኛለች፣ ወይም እኔ ነኝ የማስታውሳት።

ከባድ ሲሆን ግን ማስኩ አይበቃም። እግር መዛል፣ መደንዘዝ፣ ጉንዳን እንደወረረው መውረር፣ ማዞር፣ የዕይታ መደብዘዝ፣ የትንፋሽ እጥረት፣ ሽንት መያዝ፤ ከመጥለቅ በኋላ ከነዚህ አንዱ ከመጣ ሕክምናው ሃይፐርባሪክ ቻምበር ነው። እንደ ትልቅ በርሜል ያለ ክፍል ነው። በሽተኛውን አስገብተው 18 ሜትር ውሃ ውስጥ እንደወረደ ያህል ግፊት ይሰጡታል፤ አረፋው ይጨመቃል፣ እሱ ኦክስጅን ይተነፍሳል፣ መሀል መሀል ላይ ለጥቂት ደቂቃ ተራ አየር። ከዚያ በዝግታ ያወጡታል። በብዛት የሚሠራበት የሕክምና ፕሮግራም አምስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። አንዳንዱ ይደገምለታል። ቶሎ ሲሆን ጥሩ ነው፣ ቢዘገይም ግን ይጠቅማል፤ «አሁንማ ቀኑ አለፈ» ብሎ መተው የለም። በሽተኛው በአየር ከተጓጓዘ ደግሞ ሄሊኮፕተሩ ዝቅ ብሎ መብረር አለበት፣ ወይም አውሮፕላኑ ውስጡን የባሕር ዳርቻ ግፊት አድርጎ። አለበለዚያ መንገድ ላይ ይብስበታል። ስለዚህ ቻምበሩ የት እንዳለ መጠየቅ ያለበት ከመጥለቅ በፊት ነው። የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም፤ የማይመልስላችሁ የመጥለቂያ ድርጅት ካለ ሌላ ፈልጉ።

«ተመልሼ ውሃ ውስጥ ልግባና ይጨመቅልኝ» የሚል ጎበዝም አይጠፋም። ሐሳቡ በጽንሰ ሐሳብ ልክ ይመስላል። ግን ሽባ ሊሆን ያለን፣ ራሱን ሊስት የሚችል ሰው ለሰዓታት ባሕር ውስጥ አስቀምጦ፣ በብርድ፣ እያለቀ ባለ አየር፣ ተጨማሪ ናይትሮጅን እየተነፈሰ... አይሆንም።

ምልክቱ የሚመጣው በብዛት ከወጡ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ነው፣ አብዛኛው በስድስት ሰዓት ውስጥ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም በ24 ሰዓት ውስጥ። ከፍታ ላይ መውጣት ግን ጸጥ ያለውን ሊቀሰቅሰው ይችላል። አደጋውን የሚጨምሩት ጥልቀት፣ ቆይታ፣ መደጋገም፣ ፈጥኖ መውጣት፣ የውሃ ጥም፣ ብርድ፣ ውሃ ውስጥ ብዙ መልፋት ናቸው። ከአራት ሰው አንዱ ደግሞ በልቡ የላይኛው ክፍሎች መሀል ከመወለዱ በፊት የነበረች ቀዳዳ በደንብ ሳትዘጋ ትቀርበታለች። ዕድሜውን ሙሉ ላያውቃት ይችላል። አረፋ ግን በሷ ሾልኮ ሳንባን ሳይነካ ወደ አንጎል ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ «እኔ ሁሉን በሕጉ አድርጌ ነበር» ያለ ሰው ሊታመም ይችላል፣ ስታመም ሕግ የጣስኩ እንዳይመስልብኝ ብሎ መደበቅ ደግሞ ብዙዎችን የጎዳ ነገር ነው። እኔም ያን ቀን ለክሊኒኩ ያልነገርኩት ግማሹ ባለማወቅ፣ ግማሹ በኩራት ነው።

ይሄ ሁሉ ግን የሽርሽረኛ ወሬ ነው። እኔ ትከሻዬን ነው ያመመኝ፣ በራሴ ገንዘብ፣ በራሴ ደስታ። እንጀራቸው ሆኖ የሚጠልቁት አሉ። ማዕከላዊ አሜሪካ፣ ሆንዱራስና ኒካራጓ የካሪቢያን ጠረፍ ላይ ሚስኪቶ የሚባል ሕዝብ አለ። ወንዶቹ ሎብስተር ፍለጋ ይጠልቃሉ። የሚከፈላቸው በያዙት ሎብስተር ልክ ነው። ጥልቀት መለኪያ የለም፣ ሥልጠና የለም፣ አንዱ ሲሊንደር ሲያልቅ ሌላ፣ እሱ ሲያልቅ ሌላ፣ ከ30 ሜትር በታች ቀኑን ሙሉ። ሎብስተሩ አሜሪካ ሬስቶራንት ይሄዳል፣ ሰውየው በዊልቸር ወደ መንደሩ። ወጣት፣ የልጆች አባት፣ ከወገብ በታች የማይሰማው።

እነሱ ይሄን ሲያስረዱ ሊዋ ማይሪን መታችው ይላሉ። የባሕሯ እመቤት ናት፣ ከሀብቷ አብዝቶ የሚወስድን ትቀጣለች። ስሰማ አልሳቅኩም። እኛስ ቢሾፍቱ ሐይቅ ሰው ሲሰጥም «ሐይቁ በየዓመቱ ግብር ይፈልጋል» አንል ነበር? እንዲያውም አባባላቸው ውስጥ እውነት አለ፤ አብዝቶ የጠለቀ ነው የሚመታው። ችግሩ አብዝተህ ጥለቅ የሚለው ሌላ መሆኑ ነው፣ እሱ ደግሞ ጀልባው ላይ ነው ያለው፣ አይመታም። ጉዳዩ እስከ ኢንተር-አሜሪካን የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 2021 ተፈረደ፤ 42 ጠላቂዎችን የሚመለከት ነበር። የሆንዱራስ መንግሥት ኃላፊነቱን አመነ፣ ከተጎጂዎቹ ጋር የተደረሰውን ስምምነት ፍርድ ቤቱ አጸደቀው። ለአሠሪ የሚጠልቅ ሰው የሥራ አደጋ ተጎጂ እንጂ የእመቤቲቱ ቅጣተኛ አለመሆኑ በወረቀት ሰፈረ።

የኛም ጠላቂዎች አሉ። ዜና ላይ «ጠላቂ ዋናተኞች» የምትሏቸው፣ ሰው ሲሰጥም ጭቃ ውሃ ውስጥ በዳበሳ የሚፈልጉት። ስለነሱ ስትጽፉ አስከሬኑ ስንት ሰዓት ላይ እንደወጣ ብቻ አትጻፉ፤ በስንት ሜትር፣ በስንት ደቂቃ፣ ማን እየቆጠረላቸው እንደጠለቁም ጠይቁልን። የኛ ሐይቆች ከፍታ ላይ ናቸውና። የቢሾፍቱው ባቦጋያ ሐይቅ ወደ 1,870 ሜትር ነው፣ ላዩ ላይ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ዳርቻው አራት አምስተኛ ብቻ። ሲወጡ የሚከፈተው ጠርሙስ በሰፊው ይከፈታል። እዚያ 20 ሜትር ወርዶ መውጣት፣ በግፊት ልዩነቱ ሲሰላ፣ ባሕር ላይ 24 ሜትር ገደማ ወርዶ እንደመውጣት ነው። ስንት ሜትር ላይ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳይ፣ ለባሕር የተሠራ ሰሌዳ እንዳለ ይዞ እዚህ መጥለቅ አይቻልም፤ የከፍታ ሰሌዳ አለ፣ ወይም ጠላቂው የሚይዘው ኮምፒውተር ከፍታውን እንዲያውቅ ይደረጋል።

ወደ ጉዞ ገጻችሁ ልመለስና ላብቃ። ፕሮግራሙን አትሰርዙት፣ አገላብጡት። መጥለቁን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጨርሱት። ከኅዳር እስከ ጥር አካባቢ ከሆነ የሚሄዱት፣ ዓሣ ነባሪ ሻርኩን ለማየት ሲሊንደር አያስፈልግም፣ አርታ ዳርቻ ላይ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ብቻ ላዩ ላይ ሆኖ ይታያል፤ እሱን እሁድ ጠዋት አድርጉት። እሁድ ምሳ የየመኖቹን ዓሣ ብሉ፣ ለሁለት ተሰንጥቆ በእቶን ተጠብሶ ከትልቅ ቂጣ ጋር የሚቀርበውን። ሰዓቱን ቁጠሩ። ያልሞላ ከሆነ በረራውን ሰኞ ጠዋት አድርጉትና ለአለቃችሁ ከአሁኑ ንገሩ።

አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ